የአንድ ቀን ጉዞ፦ ልጆችን ይዞ ወደ አብያታና ሻላ



የትምህርት ቤት ዕረፍት በደረሰ ቁጥር በየቤታችን የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «እማዬ፥ ዘንድሮስ የት ትወስጂናለሽ?» የሚል ነው። አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስም ያው የታወቀ ነው፤ ወይ አክስት ቤት፥ ወይ ከቤት አጠገብ ያለ ኬክ ቤት፥ ካልሆነም ቴሌቪዥኑን ከፍቶ «ዝም ብላችሁ ተመልከቱ» ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሥራ የደከመች እናት ከዚህ የበለጠ ብታስብ እንኳ ጊዜውና ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እኔም እንደዚሁ ስል ኖሬ፥ አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጄ የሰጎን ሥዕል ሥላ አሳየችኝ። ሰጎኗ አራት እግር ነበራት። «ሰጎን እኮ ወፍ ናት፤ ሁለት እግር ነው ያላት» ብላት፥ «ወፍ ከሆነች ታዲያ ለምን እንደ ፈረስ ትሮጣለች?» ብላ ሞገተችኝ። ነገሩ አሳቀኝ፤ ቆይቶ ግን አሳሰበኝ። የራሷ አገር የዱር እንስሳ ከቤቷ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ሥፍራ እየኖረ፥ ልጄ የምታውቀው በወሬ ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፌም ከዚያ ሥዕል የተነሳ ነው።

የዱር እንስሳ ማየት ትልቅ መኪናና ድንኳን ላላቸው የውጭ አገር ጎብኚዎች ብቻ የተፈጠረ ጉዳይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አንዲት ቅዳሜ ያላት የአዲስ አበባ እናት ሌሊት ተነስታ፥ የአብያታና ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን አይታ፥ ማታ ልጆቿን በየአልጋቸው ልታስተኛ ትችላለች። ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሻሸመኔ መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተከለለ ሲሆን ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሲከለልም ከግማሽ የሚበልጠው ሐይቅ ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከመነሳት በፊት

ብቻችሁን መኪና ተከራይታችሁ ብትሄዱ ወጪው ይከብዳል። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ አምስት እናቶች ተሰባስበን፥ እንደ ዕቁብ በየደመወዙ ጥቂት ጥቂት እያልን ለሦስት ወር አስቀመጥን። በዚያ ገንዘብ አንድ ሚኒባስ ለቀኑ ተከራየን። ከእኛ ጋር ሁለት ባሎች፥ ስድስት ልጆችና የአንዷ ባልደረባችን እናት ነበሩ። እማማ «ከዝዋይ ወዲያ አላውቅም፤ ሳልሞት አንድ ቀን ልየው» ብለው ነው የመጡት። እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም የበለጠ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው።

ስንቁን ተከፋፈልን። በዚህ ረገድ አንድ ምክር አለኝ፤ ወጥ አትያዙ። ስምጥ ሸለቆ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ያለና ሞቃት በመሆኑ፥ ሌሊት የተሠራ ወጥ እኩለ ቀን ላይ ሊበላሽ ይችላል። ድርቆሽ ፍርፍር፥ ድፎ ዳቦ፥ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፥ ቆሎ፥ ሙዝና ብርቱካን ይበቃሉ። ውሃ ግን በብዛት ያዙ፤ በመንገድ ላይ አይሰሰትም። ለእያንዳንዱ ልጅ ባርኔጣና እጀ ረጅም ስስ ልብስ ያስፈልጋል። ሌሊት ለብሰው የሚነሱትን ሹራብ ሞጆ ላይ ማውለቃቸው አይቀርም። ጫማቸው ክፍት ባይሆን ይመረጣል፤ የግራር እሾህ ነጠላ ጫማን አልፎ ይወጋል። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ለልጆቹም ለሾፌሩም ይበጃል። መንገዱ ሰላም መሆኑንና ፓርኩ ክፍት መሆኑን ከመነሻችሁ በፊት በነበረው ቀን ጠይቁ። ይህን ሳያጣሩ ልጆች ይዞ መነሳት አይገባም።

ጊዜውን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት መልካም ናቸው። መሬቱ ደርቆ መኪና እንደልብ ይሄዳል። ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም በእነዚህ ወራት በሐይቆቹ ዳር ይገኛሉ።

ዝዋይ ላይ ቁርስ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ልጆቹ እስከ ሞጆ ተኙ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ፥ ማለት እስከ ዝዋይ ከተማ ድረስ ጉዞውን በጣም አሳጥሮታል። መቂን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች፤ ግራና ቀኙ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ ሆነ። ገበያ ስንሄድ «የመቂ ቲማቲም» የምንለው ከዚህ የሚመጣው ነው።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር የደረስነው ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባቸው እየወረዱ ዓሣ በሚያጸዱበት ሥፍራ ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች የሚወረወርላቸውን ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ከሰው አይሸሹም። መላጣው አባ ኮዳ ከቁመቱ የተነሳ ከትንሹ ልጃችን ጋር ዓይን ለዓይን ተያየ፤ ልጁም ሮጦ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ፔሊካኗ ደግሞ ከመንቁሯ ሥር ባለው ከረጢት ዓሣውን ከነውሃው ትዝቅና፥ ውሃውን አፍስሳ ዓሣውን ትውጣለች። እማማ ይህን አይተው «ወንፊቷን አንገቷ ላይ ሰጥቷታል!» አሉ። ልጄ ይህን ቃል ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ዝዋይ ላይ ቆማችሁ ለልጆቻችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው፤ በኋላ ይጠቅማችኋል። ከዝዋይ የሚተርፈው ውሃ ቡልቡላ በሚባለው ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ይወርዳል። ከላንጋኖም ሆራ ከሎ የሚባል ወንዝ ወደዚያው ይገባል። አብያታ ግን መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ተቀብሎ ለፀሐይ የሚገብር ሐይቅ ነው። ስለዚህ ላይኛው ሲጠጣ ታችኛው ይጠማል።

አባወራው ሰጎን

የፓርኩ በር ላይ የመግቢያ ተከፍሎ አንድ የፓርክ ጠባቂ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። ያለ ጠባቂ በእግር መሄድ አይመከርም። ከዚህም በላይ የአካባቢው ተወላጅ ስለሆነ ያወቀውን ሁሉ ይነግራችኋል።

ከበሩ ብዙም ሳንርቅ፥ በታጠረ ሜዳ ውስጥ ሰጎኖችንና የሜዳ ፍየሎችን አገኘን። ልጄ እግራቸውን ቆጠረች፤ ሁለት ነው። ሙግቱ በዚያ አበቃ። ከዚያ ግን ጠባቂው ለትልልቆቹም አዲስ የሆነ ነገር ነገረን። ጥቁሩ ወንዱ፥ አመድማዋ ሴቷ ናት። ጎጆውን መሬት ጭሮ የሚያዘጋጀው ወንዱ ነው። እንቁላሉን ቀን ቀን የምትታቀፈው ሴቷ ናት፤ አመድማ መልኳ ከአፈሩ ጋር ስለሚመሳሰል አራዊት በቀላሉ አያያትም። ማታ ግን ተራው የእሱ ነው፤ ጥቁር ስለሆነ ጨለማው ይሸፍነዋል፤ እስኪነጋም ታቅፎ ያድራል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም አባት አብሮ ይጠብቃል።

አንዷ ጓደኛችን ወደ ባሏ ዞራ «ሰማህ? ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚለው» አለችው። ሰውየውም ሳቀና «እኔ እንዳልታቀፍ የከለከለኝ ጥቁር ላባ ማጣቴ ነው» ብሎ አመለጠ። ነገር ግን ምሳ ላይ ልጁን ያጎረሰውና እጁን ያስታጠበው እሱ ነበር። ሰጎን ሳታስተምረው አልቀረችም።

አንድ የሰጎን እንቁላል ሁለት ደርዘን ያህል የዶሮ እንቁላል ይሆናል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ጉልላት ላይ የምናየውም ይኸው እንቁላል ነው። እማማ ይህን ሲያስረዱ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ከርከሮ ከነግልገሎቿ መንገዱን አቋረጠች። ጭራዋን እንደ ባንዲራ ቀጥ አድርጋ ትሮጣለች፤ ልጆቿም ጭራቸውን ቀስረው ይከተሏታል። ሣር ስትግጥ ደግሞ በፊት ጉልበቷ ተንበርክካ ነው። ከሩቁ አንድ ቀበሮ አየን። አንበሳና ዝሆን እዚህ የለም፤ ይህን ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ የተሳሳትኩት በሌላ ነገር ነው።

ውሃው የት ሄደ?

ልጄን «ሐይቁ ከወፍ ብዛት ጽጌረዳ ምንጣፍ ይመስላል» ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። የዋሸሁ አልመሰለኝም። በተማሪነቴ፥ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስመጣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከአውቶቡሱ ወርደን ጥቂት እንደተራመድን ውሃው እግራችን ሥር ነበር። ፍላሚንጎዎቹ ድንጋይ ብንወረውር የምንደርስባቸው ያህል ቅርብ ነበሩ።

አሁን ከኮረብታው ላይ ሆነን ስናይ ሁለቱ ሐይቆች ፊት ለፊታችን ተዘረጉ። በስተግራ ያለው ሻላ ነው፤ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፥ ጥልቀቱ 266 ሜትር የሚደርስ፥ እንደ ቀለም የጠቆረ ሰማያዊ ሐይቅ። በስተቀኝ ያለው አብያታ ነው። በመካከላቸው የፊቄ ተራራ ቆሟል። ሻላ እንደ ድሮው ነው። አብያታን ግን አላወቅሁትም። ድሮ ውሃ የነበረበት ሜዳ ነጭ ሆኖ፥ ዱቄት የተነፋበት ሰፌድ መስሏል። ውሃው ከሩቅ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። በዳሩ ላይ አንዲት ሐመር ሮዝ መስመር አለች። በተዋስነው መነጽር ስናይ ፍላሚንጎዎች ናቸው።

ልጄ ለረጅም ጊዜ አየችና «እማዬ፥ ውሃው የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠባቂው ነው የመለሰላት። ዝዋይ ላይ የነገርኳትን አንስቶ እንዲህ አላት፦ «ከላይ የሚመጣው ውሃ ለአትክልቱም፥ ለአበባውም፥ ለከተማውም ይቀዳል። ከሐይቁ ዳርም ውሃውን በገንዳ አድርቆ ሶዳ የሚያመርት ፋብሪካ ለብዙ ዓመት ሠርቷል። ዝናብ ያነሰበትም ዓመት አለ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ጠጣ።»

ነገሩ በውሃው ማነስ ብቻ አላበቃም። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፤ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው፥ እየበረሩ ተራራውን ተሻግረው ከአብያታ ዓሣ ለልጆቻቸው ይወስዱ የነበሩ ፔሊካኖች ገበያቸው ተዘጋባቸው። ሻላ ጥልቅ ቢሆንም የሚበቃቸው ዓሣ የለውም። ጎረቤት ያለው የልጆቿ ምግብ የጠፋባት እናት ምን እንደምታደርግ የሚጠይቀን አያስፈልግም፤ ወይ ሩቅ ትሄዳለች፥ ወይ ቤቱን ትለቃለች። ፍላሚንጎዎቹ የሚኖሩት በውሃው ውስጥ በሚበቅለው ረቂቅ ዋቅላሚ ስለሆነ ዓሣው መጥፋቱ አላስራባቸውም፤ ሮዝ ቀለማቸውም የሚመጣው ከምግባቸው ነው። ነገር ግን ውሃው በራቀ ቁጥር እነሱም ይርቃሉ።

ወደ ውሃው ለመቅረብ በነጩ ሜዳ ላይ በመኪና መሄድ አይፈቀድም፤ አይሞከርምም። ላይኛው ቅርፊት የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ጭቃ ነው። እኛ በእግራችን፥ ጠባቂው በመራን መንገድ ጥቂት ሄደን ተመለስን።

ፍል ውሃውና ምሳው

ምሳችንን ግራር ጥላ ሥር በላን። ከዚያም በሻላ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ወደሚፈልቀው ፍል ውሃ ወረድን። የአካባቢው ሰዎች ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ይታጠቡበታል። እማማ እግራቸውን ከምንጩ ራቅ ብሎ በበረደው ሥፍራ ነክረው «ለዚህ ብቻም እመጣ ነበር» አሉ። ምንጩ ከሚወጣበት ቦታ ግን ልጆችን አርቁ፤ እንደ ፈላ ድስት ነው። እኛ እያንዳንዷ እናት አንድ አንድ ልጅ በእጇ ይዛ ነበር። ባሎቹም ተራቸው ደርሶ ያዙ።

መመለሻው ላይ የተነሳው ጥያቄ

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ተመለስን። እዚህ ላይ ልተርከው የምፈልገው፥ ካሰብኩት ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ነገር አለ።

ወደዚህ አገር የሄደ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሲመለስ ከመንገዱ ዳር ከሰል መግዛት ልማዱ ነው። ዋጋው ከከተማው ያንሳል፤ ከሰሉም የግራር ስለሆነ ቶሎ አይከስምም። እኔም ብዙ ጊዜ አስገዝቻለሁ። ሾፌሩም ሳንነግረው ቆመ። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፥ ሦስት ማዳበሪያ ከሰል ደርድራ ተቀምጣለች። ቦርሳዬን ስከፍት ልጄ «ይኼ ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለች። «ከእንጨት ነው» አልኳት። «ከየትኛው እንጨት? ምሳ ከበላንበት?» አለችኝ።

ቦርሳዬን እንደከፈትኩ ቆምኩ። መንገዱን ሙሉ በፓርኩ ውስጥ ያየነው ጉቶ ትዝ አለኝ። ጠባቂው «ይህ ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ የግራር ደን ነበር» ሲለን፥ «ምን ዓይነት ሰው ነው የሚቆርጠው?» ብዬ የተማረርኩ እኔ ነበርኩ። የሚቆርጠው ሰው ይኸው፤ የምታስቆርጠውም እኔው ነኝ።

ሴትዮዋን «እህቴ፥ እንጨቱ ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አልደበቀችኝም። «ድሮ ከደጃችን ነበር። አሁን ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እኩለ ቀን ላይ ነው የምደርስበት» አለች። «ዛፉ ሲያልቅስ?» ብላት፥ ልጇን ከጀርባዋ አስተካክላ «እኔም እሱን ነው የማስበው። እስከዚያ ግን እነዚህ ምን ይብሉ?» አለችኝ።

ልጄን በዚያ ሰዓት «ይህች ሴት ጥፋተኛ ናት» ብዬ ላስተምራት አልፈለግሁም፤ እውነትም አይደለም። «እኛ ጥፋት የለብንም» ማለትም አልቻልኩም። አንዷ ጓደኛችን «እኔ ባልገዛ ሌላው ይገዛል፤ እሷም ጦሟን ታድራለች» ብላ አንድ ማዳበሪያ ገዛች፤ አልፈረድኩባትም። እኔ አልገዛሁም። የተረፈንን ድፎ ዳቦና ብርቱካን ግን ለልጆቿ ሰጠናት። ይህ መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የአንድ ቀን ዳቦ ነው። ለእንዲህ ያለችው እናት ሌላ የእንጀራ መንገድ ካልተከፈተላት ጠባቂው ብቻውን ደኑን ሊያድን አይችልም።

የእኛ ድርሻ

እኛ በየማድ ቤታችን የምናደርገው ግን አለ። እቤት ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠርኩ፤ ለቡናው፥ ለሽሮው፥ ለወጡ፥ ሁሉም ከሰል ነው።

አንደኛ፥ በቆርቆሮ ምድጃ የምትጠቀሙ ወደ ላቀች ምድጃ ብትለውጡ ከከሰላችሁ ሩብ ያህሉ ይተርፋል። ውስጡ የሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ሁለተኛ፥ መብራት ባለበት ሰዓት ባቄላና ሥጋን የመሰለ ብዙ የሚፈጀውን በኤሌክትሪክ አብስሉ፤ ከሰሉን ለቡናው አቆዩ። ሦስተኛ፥ ከሰል ሻጫችሁን «የየት አገር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ በአዊ ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ራሳቸው ተክለው፥ ቆርጠው፥ መልሰው የሚተክሉት ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አለ፤ ከሰሉ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ከተተከለ ዛፍ የመጣ ከሰልና ከዱር ግራር የመጣ ከሰል አንድ አይደሉም። ገዢ ከጠየቀ ሻጭም መጠየቁ አይቀርም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤታችን ገባን። ልጆቹ ተኝተው ነበር። በማግሥቱ ልጄ አዲስ ሥዕል ሠራች። ጨረቃ ባለችበት ሌሊት አንድ ጥቁር ሰጎን እንቁላል ታቅፎ ተቀምጧል። ራቅ ብሎ ቀጭን የውሃ መስመር አለ። «ሐይቁን ለምን አሳነስሽው?» ብላት፥ «ያየሁትን ነው የሣልኩት» አለችኝ።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢያን፥ ጉዞውን አታዘግዩት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀረውንም ይዩት፥ የጠፋውንም ይጠይቁ። ለጥያቄያቸው መልስ ብታጡ አትፈሩ፤ እኔም አጥቼ ነበር። ከእናንተም መካከል ልጆቿን ይዛ የሄደች፥ ወይም በማድ ቤቷ ከሰል የሚቆጥብ ዘዴ ያገኘች ካለች ለዚህ ዓምድ ትጻፍልን። መልካም ጉዞ!